የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ለወሎ ክረምት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ ዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ነው የማወራችሁ።

በእኛ በወሎ ጓሮ ለዶሮ የሚነጠፈው ብዙ ጊዜ የጤፍ ጭድ ነው። ይህ ያሳስበኛል። ጭዱ የላም ቀለብ ነው፣ ለግድግዳ ጭቃም ይፈለጋል። ዋጋው ይቅርና፣ ቀጭን ስለሆነ ኩስና ውሃ ሲነካው ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ይተኛል። ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ታቹ ይሻግታል። ዶሮዋ ስትጭረው የሻጋታው ብናኝ ሳንባዋ ይገባል፤ ጫጩት ደግሞ ጭራሽ አይችለውም።

እኔ የማስቀድመው የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፣ አናጺ ሲልግ የሚወጣውን ጥቅልል። እርጥበት ይመጥጣል፣ አየርም ያሳልፋል። ደሴም ኮምቦልቻም እንጨት ቤት ስትሄዱ ቺፕውድ ወይም ቫርኒሽ የነካው እንጨት እንዳልተቀላቀለበት ጠይቁ። ሰጋቱራ ደቃቅ ነው፤ ጫጩቶች መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል። ከእሱ ሌላ ካልተገኘ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጆንያ አልብሱት። ልሙጥ ወረቀት ግን አታንጥፉ፣ እግራቸው እየተንሸራተተ ይበላሻል። ፍቅፋቂው ካነሰ የገብስ ወይም የስንዴ ጭድ በ5 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ቀላቅሉበት።

መጠኑ? ለጫጩት 5 ሳንቲ ሜትር፣ ለትልቅ ዶሮ ከ8 እስከ 10። 2 በ3 ሜትር የሆነ ቤት 8 ሳንቲ ሜትር ለመሙላት ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ይፈጃል፣ በትልቅ ጆንያ 4 ወይም 5። በዚያ ቤት ከ24 እስከ 30 እንቁላል ጣይ ዶሮ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የትኛውም ጉዝጓዝ አይችለውም።

ብዙው እርጥበት የሚመጣው ከመጠጫው ነው። የመጠጫውን ጠርዝ ከዶሮዋ ጀርባ እኩል አድርጋችሁ ስቀሉት። ሌሊት የሚወርደው ኩስ ደግሞ ቆጡ ሥር ይከመራል፤ እዚያ ጣውላ አስቀምጡና ጠዋት ጠዋት ጥረጉት። የቀረውን በሳምንት ሁለት ጊዜ በመንሽ ገልብጡ፣ የጠጠረውን አውጡ።

አንድ እፍኝ ጨብጡና ልቀቁት። ኳስ ሆኖ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ቀስ ብሎ ከተፈረካከሰ፣ አብሽሩ፣ ደህና ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት አሽትቱ፤ ቆማችሁ ያልሸተታችሁ አሞኒያ፣ ከኩሱ የሚወጣው ሰንፋጭ ጋዝ፣ እሷን ዓይኗን ያቃጥላታል። ያኔ ብዙ ሰው አመድ ወይም ኖራ ይነሰንሳል። እባካችሁ ተዉት፤ እርጥብ ኩስ ላይ ሲያርፉ አሞኒያው ይብሳል። እርጥቡን አውጥታችሁ ደረቅ ጨምሩ፣ ከላይ ያለውን መስኮት ክፈቱ። አመዱን ዶሮዎቹ እንዲታጠቡበት ደረቅ ጥግ ላይ በሳጥን አስቀምጡላቸው፣ ለቅማል ይረዳል።

ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ሞቃት ስለሆነ እርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታ ተውሳክ ቶሎ ይበስላል። ደም የቀላቀለ ኩስ ካያችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ ጉዝጓዙንም ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። ደሴና ኩታበር በኩል ደግሞ ጭጋጉ ራሱ ያረጥባል፤ ስለዚህ ፍቅፋቂውን ሰኔ ሳይገባ በፀሐይ አድርቃችሁ፣ በጆንያ ሞልታችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ደርድሩት።