ዳይኖሰሮች ጥቂት በነበሩበት ዘመን

ውድ የሳይንስ ክበብ ልጆች፣ መምህራንና ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ ወደ አርጀንቲና ልወስዳችሁ ነው። በሳን ሁዋን ክፍለ ሀገር ኢስቺጓላስቶ የሚባል ደረቅ፣ ገላጣ ስፍራ አለ። ሰዉ የጨረቃ ሸለቆ ይለዋል። ዩኔስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ድንቅነሽን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የኢስቺጓላስቶ አለት ግን ከታች በኩል 231 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። የድንቅነሽ ዕድሜ ከሰባ ጊዜ በላይ ተደራርቦ ማለት ነው! ይህን የነገረን አመድ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ወንዝ ባመጣው ጭቃ መሃል ተነጥፎ ቀረ። በአመዱ ቅንጣቶች ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። የለውጡ ፍጥነት ስለሚታወቅ፣ አርጎኑ ሲለካ ዕድሜው ይወጣል።

አሁን በዚህ አለት ውስጥ ወደተገኙት የጥንት እንስሳት አጥንቶች እንምጣ። በ1959 እ.ኤ.አ. አንዱን ቅሪተ አካል መጀመሪያ ልብ ያለው ቪክቶሪኖ ኤሬራ የሚባል የፍየል እረኛ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቱ ኦስቫልዶ ሬግ እንስሳውን በእረኛው ስም ኤሬራሳውረስ አሉት። ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ዓይን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያላ!

ኤሬራሳውረስ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው። ግን ልብ በሉ፣ በዚያ ሸለቆ ዳይኖሰሮች ጌቶች አልነበሩም። ከሚገኘው አጥንት አብዛኛው የሌሎች ነው። ሪንኮሰር የሚባሉ፣ አፋቸው እንደ ምንቃር የቆለመመ፣ ቅጠል የሚበሉ እንስሳት ሞልተዋል። የእኛ የአጥቢዎች የሩቅ ዘመዶች የሆኑት ሳይኖዶንቶችም እንዲሁ። ትልቁ አዳኝ ደግሞ የአዞ ዘመድ የሆነው ሳውሮሱከስ ነበር፤ ርዝመቱ ከስድስት ሜትር ያልፋል። ዳይኖሰሮቹ በእነዚህ ሁሉ መሃል ነበር የሚኖሩት፣ ጥቂት ሆነው።

ከጥቂቶቹ አንዱ ኢዮራፕተር ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቱ ሪካርዶ ማርቲኔዝ አገኙት። ከራስ እስከ ጅራት አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ሰፈር ካለ ውሻ ብዙም አይበልጥም። የኋላ ጥርሶቹ እንደ ሥጋ በል ወደ ኋላ የታጠፉ ናቸው። የፊቶቹ ግን ቅጠል ይመስላሉ። ምን ይበላ እንደነበር የሚያከራክረው ይሄ ነው።

የራስ ቅሉን ሥዕል በትክክለኛ መጠኑ ሠርቼ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ልጆች፣ ኑና መዳፋችሁን ከጎኑ ዘርጉ። ከዚያ የፊትና የኋላ ጥርሶቹን አስተያዩልኝ።

አመሰግናለሁ።