ግድግዳው ብቻውን ሲቀር

እሺ... ዛሬም ስለ ቤት ማፍረስ ነው። «መገንባት የሚባል ነገር የለም እንዴ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለ፣ ይደርሳል።

ቅደም ተከተሉን አዳማ ውስጥ የማያውቅ የለም። መጀመሪያ መብራትና ውኃ ይቆረጣል፣ በርና መስኮት ከነፍሬሙ ይወጣል፣ ከዚያ ኮርኒስ፣ ከዚያ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ላይ አትቸኩሉ። ሚስማሩ በጉልበት ሲነቀል ቀዳዳው ይሰፋል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለችው ደቂቃ ናት። ጣሪያው ወርዷል፣ ግድግዳው ብቻውን ቀርቷል። ከፍታው 3 ሜትር፣ ብሎኬቱ 20 ሳንቲም። ሲያዩት ማን ይነቀንቀዋል ያሰኛል። ግን አናቱን ይዞለት የነበረው ጣሪያው ነው። አሁን ይዞት የቀረው ማዕዘኑ ላይ የሚገናኘው ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ከተነካ በቃ። ልክ በዚህች ደቂቃ አንዱ መዶሻውን አንስቶ ከታች ይጀምራል። ከታች! ለምን? ሁለት ሦስት ረድፍ ከተመታ ሌላው በራሱ ይወርዳላ። ይወርዳል፤ ወዴት እንደሚወርድ ግን መዶሻ የያዘው አይመርጥም። ላዩ ላይ ደግሞ ቢም አለ፣ በግድግዳው አናት ላይ የተጋደመው ኮንክሪት። 20 በ20 ሳንቲም የሆነ ኮንክሪት በሜትር ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል። የ4 ሜትር ክፍል ላይ 400 ኪሎ፣ ከራስ በላይ ማለት ነው።

የሚፈርሰው ፖንቴ ላይ፣ ማለትም የመቆሚያ ርብራብ ላይ ቆሞ፣ ከላይ ወደታች፣ ረድፍ በረድፍ ነው። ቢሙ ከሥር ተደግፎ በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ለቆራሌው... ኧረ ስለ ፌሮ ልንገራችሁ፤ ባለ 12 ሚሊሜትሩ በሜትር 0.9 ኪሎ ገደማ ነው። ተጣሞ የተቃናውን ለኮለን (ለቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ) አትመልሱት፤ የተጣመመበት ቦታ ይዳከማል። ለአጥር ግን... እሱም እንደ አጥሩ ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሰዓቱ። ሥራው በኮንትራት ስለሆነ ይቸኮላል፤ እፈርድባቸዋለሁ ማለት ይከብደኛል። ግን ሲመሽ ግማሽ ግድግዳ ትቶ መሄድ? የአዳማ ነፋስ እኮ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ነው! ገመድ ይወጠር፣ ቢያንስ የከፍታው አንድ ተኩል ያህል ይራቅ፣ ለ3 ሜትር 4 ሜትር ተኩል። ልጆችን ገመድ ያቆማቸዋል ወይ... እንጃ።

የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ደግሞ ረሳሁት። ፍርስራሹ ሳይሸፍነው ዙሪያው በእንጨት ካልታጠረ፣ ክዳኑ ስስ ከሆነ፣ መኪና ሲመጣ... አይ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።