ቡናማዋ ሽቦ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ሽቦ ነው። ማለቴ፣ ስለ ሽቦ ስዕል፣ የትኛው ሽቦ ከየት ጋር እንደሚገናኝ ስለሚያሳየው።

በቀደም አንዲት ትንሽ ሰርቮ ሞተር፣ ወደታዘዘችበት አቅጣጫ የምትዞር፣ ኮድ ከሚጫንባት ትንሽ ቦርድ፣ ከአርዱዪኖ ጋር አገናኘሁ። ሞተር ከረንት ይበላል ብዬ ለብቻዋ አራት ባትሪ፣ 6 ቮልት መሆኑ ነው፣ ሰጠኋት። ኮዱ ልክ ነው፣ ባትሪውም አዲስ ነው፣ እሷ ግን ትንቀጠቀጣለች እንጂ የምላትን አትሰማም። ሁለት ማታ ፈጀችብኝ። ሲመረኝ ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለት። «ይሄ ሰርኪት ነው የወፍ ጎጆ? ስዕሉን ላክልኝ» አለኝ።

ምን ስዕል? እኔ እኮ ስዕል ሥራው ካለቀ በኋላ ለማሳመር የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እያጉረመረምኩ ሰርኪት የሚሳልበትንና የሚሞከርበትን ቲንከርካድን ከፈትኩ። ብሮውዘር ላይ ነው የሚሠራው፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። አርዱዪኖውን ጎትቼ አስቀመጥኩ፣ ባትሪውን፣ ሰርቮዋን። ቀዩን ሽቦ ወደ ፖዘቲቭ። ቡናማዋን ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ። ብርቱካናማዋን፣ ትዕዛዝ የሚሄድባትን፣ ወደ አርዱዪኖው ፒን 9። ከዚያ እጄ ማውሱ ላይ ቀረ። በአርዱዪኖው በኩልና በባትሪው በኩል ባለው መሃል የተዘረጋችው ሽቦ ያቺ ብርቱካናማዋ ብቻ ናት! አርዱዪኖው 5 ቮልት የሚለው ከራሱ ግራውንድ፣ ማለትም ከዜሮ ቮልት መነሻው፣ ተነስቶ ነው፣ ሞተሯ ደግሞ ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነስታ ነው የምትለካው፣ ሁለቱ ካልተገናኙ በምን ይግባቡ? አንዲት ሽቦ ከግራውንድ ወደ ኔጌቲቭ ጨመርኩ። አለቀ። ስዕሉን ሳልልክለት ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እስላለሁ። ለሌላ ሰው ስዕል ስልክለት ደግሞ ስክሪንሾት ብቻ አልልክም፣ ሊንኩንም እጨምራለሁ፣ ሰውየው ራሱ ከፍቶ ይነካካው። ዎክዊ የሚባለው ሌላ የብሮውዘር ፕሮግራም ላይማ ስዕሉ የሚቀመጠው ጽሑፍ ሆኖ ነው፣ የትኛው ፒን ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ በየመስመሩ ታነቡታላችሁ። ኬስ ውስጥ ለሚገባ፣ ቦርድ ለሚታተምለት ሥራ ኪካድ አለ፣ ከ1992 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ግን ለአንዲት ኤልኢዲ፣ ለትንሽ መብራት፣ እሱን መክፈት ይከብዳል። እና እባካችሁ ሽቦውን ሁሉ አረንጓዴ አታድርጉት። ግራውንድ ጥቁር፣ ፖዘቲቭ ቀይ፣ የሚያየው ሰው ዓይኑ አይልፋ።

ስዕሉ ግን ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። በሌላ ጊዜ ሲሙሌሽኑ ላይ፣ ስክሪን ላይ ባለው ሙከራ፣ አሪፍ የሠራ ነገር ጠረጴዛ ላይ ግማሹ ብቻ በራ። ብሬድቦርዱን፣ ሽቦ የሚሰካበትን ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ፣ ገልብጬ፣ ሽቦ ቀይሬ፣ ኋላ ቀረብ ብዬ ሳየው ዳር ላይ ያለው ቀይ መስመር መሃል ላይ ተቋርጧል። ባለ 830 ቀዳዳ ከሆኑት አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው፣ ኃይል የሚሄድበት መስመር ለሁለት የተከፈለ ነው። ስክሪኑ ላይ የነበረው ወጥ ነበር። አሁን ፕሮግራሙ ባይጠይቀኝም ሁለቱን ግማሾች የምታገናኘውን አጭር ጃምፐር ሽቦ ስዕሉ ላይ እጨምራታለሁ። አንዳንዱ «ይቺ ምን ትሠራለች?» ብሎ ይጠይቀኛል።