«እኔ ብቻ ቀረሁ»

ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እዚሁ ሐዋሳ መድኃኒት ስሸጥ ዓመታት አልፈዋል። የፈተና ሰሞን አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል፦ «እንቅልፍ የሚያባርር፣ የሚያስጠና ኪኒን የለም?» አንድ ቀን አንድ ልጅ መጥቶ፣ «የዶርም ጓደኞቼ ሁሉ ይወስዳሉ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ» አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ጉጉት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ሜቲልፌኒዴት የሚባል መድኃኒት አለ። ትኩረታቸውን መሰብሰብ ለሚቸገሩ ልጆች ይታዘዛል። እነሱን በእውነት ይረዳቸዋል። ጤነኛ ሰው ሲወስደው ነቃ ይላል፤ ግን የልብ ምቱ ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ እንቅልፉ ይሸሻል። ያጠናነውን አእምሯችን የሚያደላድለው ደግሞ ስንተኛ ነው።

«ታዲያ ቡናስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቡናው ካፌይን ራሱ በስፖርት ከተከለከሉት ውስጥ ነበር፤ ከክልከላው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጫት ውስጥ ያሉት አነቃቂ ንጥረ ነገሮች፣ ካቲኖንና ካቲን፣ ግን ዛሬም በውድድር ጊዜ ክልክል ናቸው። ስለዚህ ከፋብሪካ ወጣ ወይስ ከማሳ የሚለው ነገሩን አይፈታውም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ እምቢ ያለው ሰው ዕጣ ነው። ኢፒኦን ተመልከቱ። ኩላሊታችን የሚሠራው ሆርሞን ነው፤ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት ያዛል። ኩላሊቱ ደክሞ ደም ላነሰው ሰው መርፌው ትልቅ እፎይታ ነው። ጤነኛ ሯጭ ሲወጋው ግን ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ቢጨምርም ደሙ ይወፍራል፤ ሊረጋም ይችላል። አሁን በቆጂ ላይ በንጋት ብርድ የምትሮጠውን ልጅ አስቧት። ተፎካካሪዎቿ ከተወጉ ወይ ትሸነፋለች፣ ወይ ትወጋለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ምርጫዋ ግን ተወስዷል።

ዶርም ውስጥም ያው ነው። ሁለቱ ውጠው ሲያነጉ አራቱ ሰነፍ የሆኑ ይመስላቸዋል። ብር ያለው ይገዛል፤ የሌለው ይበደራል። «ገላዬ የራሴ ነው» የምትሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልክ ናችሁ፤ ግን የምትውጡት ኪኒን አጠገባችሁ የተኛውንም ልጅ ይነካዋል።

ያን ልጅ ኪኒን አልሸጥኩለትም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት፤ ብዙ አወራን። በትምህርት ላይ ልቡ የሚበተነው ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሆነ ሲነግረኝ ወደ ሐኪም ላክሁት። እናንተም ኑ። ያለ ማዘዣ ግን አልሰጣችሁም።

አመሰግናለሁ።