ፍልሰታን በኩንሚንግ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሳይሰማችሁ አይቀርም። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ግን ዛሬ የማወራው ዝናብ ስለሚያበቅለው ነገር ስለሆነ ይሁን አልኩ። ስለ እንጉዳይ ነው።

እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አለ። ውስጡ ቡናማ፣ ክር ክር ያለ ነገር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይታያል፤ መሐል መሐሉ ላይ የደረቀ በርበሬ አለበት። ለእረፍት የመጣች ተማሪ ናት ከቻይና ይዛልኝ የመጣችው። የላኩልኝ ደግሞ ኩንሚንግ ስማር ያከራዩኝ እናት ናቸው። አዪ ነው የምላቸው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ማለት ነው። ክዳኑን ስከፍተው የዚያ ቤት ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ኩንሚንግ የዩናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ቻይናውያኑ የጸደይ ከተማ ይሏታል። ዝናቧም እንደ እኛው ሰኔ ላይ ጠንክሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ሆድ አያስብስም። ያን ጊዜ ጫካው እንጉዳይ በእንጉዳይ ይሆናል። ዩናን ውስጥ ብቻ የሚበሉት የዱር እንጉዳዮች ወደ 900 ዓይነት ይጠጋሉ ይባላል።

እኔ ደግሞ ስለ እንጉዳይ ከቤቴ ይዤው የሄድኩት አንድ ቃል ነበር፦ የጅብ ጥላ። ልጆች ሳለን ዝናብ ባባራ ቁጥር አጥሩ ሥር ብቅ ይል ነበር፤ እናቴ ከበረንዳ ሆና፣ «እንዳትነኩት! የጅብ ጥላ ነው!» ትለን ነበር። ልክ ነበረች፤ የማያውቁት እንጉዳይ አይቀመስም። ነገር ግን ነጩም ቢጫውም፣ ሣር ላይ የወጣውም ግንድ ላይ የወጣውም ለእኛ ስሙ ያው አንድ ነበር።

የመጀመሪያው ፍልሰታ ሲገባ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም ለ15 ቀን እንደማልበላ ለአዪ ነገርኳቸው። ግራ ይጋባሉ ብዬ ነበር። አልተጋቡም። እናታቸው ቡድሂስት ነበሩ፤ በጨረቃ አቆጣጠር በየወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋ አይቀምሱም ነበር። ትንሽ አሰቡና፣ «በእንጉዳይ ወቅት ነው የምትጾሙት? ጥሩ ጊዜ መርጣችኋል» አሉኝ። ከዚያ የአሳማ ሞራውን ወደ ጎን አድርገው የጎመን ዘር ዘይት አወጡ።

የቤት ምግባቸው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን፣ መሐል ላይ ሁሉም የሚጋራው ሦስት አራት ዓይነት፣ አንድ ሾርባ። ቁሌት ማቁላላት፣ ወጥ እስኪንተከተክ መጠበቅ የለም። ሁሉ ነገር ተከትፎ፣ ተሰልፎ ነው እሳት የሚለኮሰው፤ ከዚያ መጥበሻው ጋለ ከተባለ በኋላ ወሬ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ክተፋው ነው።

ሺታኬን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እነሱ ሺያንግጉ ይሉታል፣ ባለ መዓዛው እንጉዳይ ማለት ነው። ግንድ ላይ እንዲበቅል ማድረግን ያስተማረው እ.ኤ.አ. በ1130 ዠጂያንግ በሚባል የቻይና ክፍለ ሀገር የተወለደ ዉ ሳንጎንግ የሚባል ሰው ነው ይላሉ። አዪ የደረቀውን ነው የሚወዱት። አንድ ማታ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈውት አደረ። ጠዋት ልርዳቸው ብዬ ውኃውን ደፋሁት። ሮጠው መጡ፤ ፈስሶ አልቋል። «ጣዕሙ እኮ እሱ ውስጥ ነበር!» አሉኝ፤ በጣም ነው ያዘኑት። እንጉዳዩ ሲደርቅና ቀስ ብሎ ሲርስ ምላስ ላይ ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም የሚሰጥ ነገር ይፈጠርበታል፤ እርጥቡ ይህን ያህል የለውም። ከዚያ በኋላ እኔም ውኃውን እንደ ጠላ፣ አተላው እንዳይረበሽ ከላይ ከላይ መቅዳት ለመድኩ። አሸዋው ሥር ይቀራል፤ ቡናማው ውኃ ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ ላይ ይገባል። የጾም ምግብ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አላውቅም ነበር።

ሙአር ደግሞ የዛፍ ጆሮ ማለት ነው። ደርቆ ስታዩት የከሰል ስባሪ ይመስላል፤ ውኃ ሲጠጣ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይተረተራል፣ እውነትም ጆሮ። በራሱ ይህ ነው የሚባል ጣዕም የለውም፤ የሚወደደው ጥርስ ላይ ቀርጨም ስለሚል ነው። ቀቅለው በነጭ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በሶይ ሶስ ያሹታል። አዪ እሱን ግን አያሳድሩትም። ሞቃት ቦታ ላይ ተዘፍዝፎ ከቆየ ባክቴሪያ መርዝ ይፈጥርበታል፤ ያ መርዝ ቢያፈሉትም አይጠፋም። ሺያንግጉ ያድራል፣ ሙአር አያድርም። ሁለቱም ደረቅ፣ ሁለቱም እንጉዳይ፣ ሕጋቸው ግን የተለያየ ነው። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። እነዚያ ሰዎች ፍርሃት የሌላቸው እንዳይመስላችሁ። ይፈራሉ፤ ግን የቱን፣ ለምን፣ እስከ መቼ እንደሚፈሩ ለይተው ያውቃሉ።

ጂየንሾውቺንግ የሚባለውን ባያችሁት። ስሙ፣ እጅ ሲያገኘው ሰማያዊ የሚሆን እንደ ማለት ነው። ኩንሚንግ ውስጥ ሙሽዊህዋ የሚባል ትልቅ የእንጉዳይ ገበያ አለ፤ ከዚያ ነው የገዛነው። ቤት ስንደርስ አንዱን ቆርጠው «ንኪው» አሉኝ። ቢጫ ነበር፤ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ዓይኔ እያየ ቀለም ውስጥ የተነከረ መሰለ። በደንብ ካልበሰለ ሰውን ያስቃዣል፤ ትንንሽ ሰዎች ግድግዳ ላይ ሲሄዱ አየን የሚሉ አሉ፣ ሆስፒታል የሚገቡም አሉ። አዪ በስሱ ከተፉት፣ ዘይቱን አበዙት፣ ስልካቸው ላይ ሰዓት ሞሉና ቾፕስቲኩን በሙሉ ሰብስበው ከጎናቸው አስቀመጡ። ሰዓቱ እስኪጮህ ማንም እንዳይቀምስ ነው። የእንጉዳይ ሾርባ ቤቶችም እንደዚሁ ሰዓት ሞልተው ነው የሚያቀርቡት። ጎረቤታቸው አብሮት የተጠበሰው ነጭ ሽንኩርት ካልጠቆረ መርዝ የለውም ሲሉ አዪ ተቆጡ። ያ እውነት አይደለም፤ የጤና ባለሥልጣናቱም ወቅቱ በመጣ ቁጥር ይህን አትመኑ እያሉ ያስጠነቅቃሉ። እናንተም ለቅሞ መሞከር የሚባለውን እንዳታስቡት፣ አደራ።

ሲበላ ደግሞ አዪ ከመሐሉ ሳህን ላይ ደህና ደህናውን በቾፕስቲካቸው እያነሱ እኔ ሩዝ ላይ ያስቀምጡልኛል። «ጠገብኩ» ብል አይሰሙም። ቋንቋው ሳይገባኝ ያ ገብቶኛል፤ ጉርሻ ነው እኮ፣ አፍ ድረስ ባይመጣም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ይህ ጂዞንግ ነው። የመጀመሪያው ፊደሉ ዶሮ ማለት ነው፤ በእጅ ሲተለተል እንደ ዶሮ ሥጋ ክር ክር ይላል። ሰው ሊያርሰው አይችልም፣ ምስጥ ነው የሚያርሰው። ምስጦቹ መሬት ውስጥ ጎጇቸው ውስጥ ያረቡታል፤ ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ጎጆው ካልተጎዳ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ለቃሚዎቹ ቦታውን ለማንም የማይናገሩት።

አዪ አፈሩን የሚያስለቅቁት በዱባ ቅጠል ነበር። የቅጠሉ ሻካራ ገጽ ቆዳውን ሳይልጥ ጭቃውን ያነሳል። ከዚያ በእጃቸው ይተለትሉታል፣ ጨው ያደርጉበታል፣ ዘይት ውስጥ ከበርበሬ ጋር በለስላሳ እሳት ይተዉታል። ውኃው እስኪያልቅ ዘይቱ ያጉረመርማል፤ ድምፁ ሲቀየር ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙና ያወርዱታል። ለዓመት የሚሆን ነው። ኑድል ላይ፣ ሩዝ ላይ፣ ለብቻም።

ትናንት ማታ እናቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። ሽሮ ሠርታ ነበር። ከዘይቱ ጠብ፣ ከክሩ ቆንጠር አድርጌ ሽሮው ጠርዝ ላይ አደረግኩላት።

«ምንድነው?»

«እንጉዳይ ነው እማዬ።»

እጇን ሰበሰበች። «የጅብ ጥላ?»

«ጂዞንግ ይባላል» አልኳት። እኔ ቀድሜ በላሁ። አየችኝ፤ ከዚያ በትንሽ እንጀራ ጠቀስ አድርጋ ቀመሰች። ዝም አለች። ደገመች። ከየት እንደሚበቅል ጠየቀችኝና ከምስጥ ጎጆ ላይ እንደሆነ ነገርኳት።

«ወንድሜ» አለች፣ «መተከል ሲያስተምር ኩይሳ ላይ የበቀለ እንጉዳይ ሠርተው አበሉኝ፣ እንደ ሥጋ ነው ብሎ መጥቶ ነበር። እኛ አላመንነውም።» አጎቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ጠርሙሱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና፣ «እስቲ ደውይለት» አለችኝ። «እዚያ ሰዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቂው።»