ወንበር ሰጥቶ ሥልጣን መንሳት

ክቡራትና ክቡራን፣ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፋችሁን ሳትጠግቡ እዚህ የተገኛችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች በኃላፊነት ቦታ የሚቀመጡ ጥቁር ሰዎች፣ በአሠራር ውስጥ ሥር የሰደደውን የዘር አድልዎ ተቋቁመው ሥራቸውን እንዲመሩ ተቋማቸው ምን ሊያደርግላቸው ይገባል የሚል ነው። ርዕሱ ሲነገር ከመካከላችን «ይህ እኮ የእነሱ ጉዳይ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ወደ ሜሪላንድ በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት እንዲሁ እል ነበር። የአድዋን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው ጥቁርነቱን በድል እንጂ በዕዳ አያውቀውም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን በሥራ ቦታ የሚጠብቀንን ቶሎ እንዳናይ ይጋርደናል። ሐበሻ መሆናችንን የምናውቀው እኛ ነን እንጂ ሬዙሜያችንን የሚያገላብጠው ሰው፣ ዓመታዊ ምዘናችንን የሚጽፈው አለቃ ወይም በታካሚው አልጋ አጠገብ የቆመው ቤተሰብ አይደለም።

ዓይኔ የተገለጠበትን አጋጣሚ ልንገራችሁ። ስሙን በማላነሳው ሆስፒታል ውስጥ የአንድ የነርሶች ክፍል ኃላፊ እንድሆን ተጠየቅሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ደሴ ላሉት እናቴ ደውዬ ስነግራቸው በስልኩ ውስጥ እልል አሉ። ክፍሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ኃላፊዎች ጥለውት የሄዱ፣ የታካሚ አቤቱታ የበዛበት፣ በጀቱም በቅርቡ የተቆረጠ መሆኑን የተረዳሁት ወንበሩ ላይ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚለው ተረት የተነገረው ለእኔ መሰለኝ። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ሚሼል ራያንና አሌክስ ሃስላም በ2005 ይህን ዓይነቱን ሹመት «የመስታወት ገደል» ብለውታል። (በነገራችን ላይ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) እነሱ የተነሡት ኩባንያዎች ሲናወጡ ወደ ላይ ስለሚወጡ ሴቶች ነበር፤ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄውን ወደ ጥቁሮችና ወደ ሌሎች አናሳ ወገኖች አስፍተውታል። ሰውየው ገደል ጫፍ ላይ ይሾማል፤ ሲወድቅም ጥፋቱ የገደሉ መሆኑ ቀርቶ የእሱ ይሆናል።

ከእኔ በፊት የነበረችው ኃላፊ ሠራተኛ ስትቀጥር በአንድ ፊርማ ትጨርስ ነበር። እኔ ስመጣ ሁለት ተጨማሪ ፊርማ አስፈለገ። ያለ ፈቃድ ማውጣት የምችለው ገንዘብም ቀነሰ። ምክንያቱን ስጠይቅ «አዲስ አሠራር ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ፤ አዲሱ አሠራር በአጠገቤ ባሉት ክፍሎች ግን አልተጀመረም። የታካሚ ቤተሰቦች እኔን አልፈው በዕድሜም በሥራም የምታንሰኝን ነጭ ነርስ «ኃላፊዋ አንቺ ነሽ?» ብለው ሲጠይቁ እምብዛም አልከፋኝም፤ ሰው ነውና ይሳሳታል። የከበደኝ በዓመቱ መጨረሻ በምዘናዬ ላይ «ከባልደረቦቿ ጋር የመግባባት ችሎታዋን ማሻሻል ይጠበቅባታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንበቤ ነው። ከማን ጋር፣ መቼና በምን ጉዳይ ሳልግባባ እንደቀረሁ አንድም ምሳሌ አልተጻፈም።

ይህን የምነግራችሁ አንጀታችሁን ለመብላት ብዬ አይደለም። አድልዎ በአንድ ክፉ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀትና በፊርማ ውስጥ ተሰውሮ እንደሚኖር ለማሳየት ነው። በኖርዝ ካሮላይና ዱክ ፓወር የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በዳን ሪቨር ጣቢያው ጥቁር ሠራተኞችን በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ያሠራ ነበር። በዚያ ክፍል ከፍተኛ የሚባለው ደመወዝ በሌሎቹ ክፍሎች ካለው ዝቅተኛ ደመወዝ ያንስ ነበር። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቦታ አድልዎን የከለከለበት ክፍል በጁላይ 1965 ሥራ ላይ ሲውል፣ ኩባንያው የቀለሙን ነገር ትቶ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና የችሎታ ፈተና መጠየቅ ያዘ። መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ በላዩ ላይ «ጥቁር» የሚል ቃል የለበትም። ቀድመው የተቀጠሩ ዲፕሎማ የሌላቸው ነጮች ግን በሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ ሥራቸውን በደህና እየሠሩ ነበር። አሥራ ሦስት ጥቁር ሠራተኞች ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1971 በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ከሥራው ጋር የማይገናኝ መስፈርት፣ በመልኩ እኩል ቢመስልም እንኳ፣ በውጤቱ ጥቁሮችን ከደጅ የሚያስቀር ከሆነ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። እኔ ያንን ፍርድ ካነበብሁ በኋላ «ለሁሉም አንድ ነው» የሚል መመሪያ በቀረበልኝ ቁጥር፣ መመሪያው ማንን እንዳስቀረ ሳልቆጥር አልፈርምም።

«ትምህርት ጨምር፣ ልምድ ጨምር፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚለው የወላጆቻችን ምክርም ብቻውን አይበቃም። ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በ2004 ባወጡት ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ወደ 5,000 የሚጠጉ የተፈጠሩ ሬዙሜዎችን ለቀጣሪዎች ልከው ነበር። ይዘቱ ተመሳሳይ ሆኖ ስሙ ብቻ ሲለወጥ፣ የነጭ የሚመስል ስም ያለበት የጥቁር ከሚመስለው ይልቅ 50 በመቶ የሚበልጥ ጥሪ አገኘ። ይህ ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ነው። ብዙም የማይነገረው ሌላው ግኝት ነው፦ ሬዙሜው የተሻለ ልምድና ችሎታ እንዲያሳይ ሲደረግ የነጭ ስም ያለው ጥሪ በ30 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ በጥቁር ስም የተላከው የተጠቀመው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። በዚህ አዳራሽ ከአያቱ የወረሰውን ስም ለሬዙሜ ብሎ ያሳጠረ ሰው ስንት እንደሆነ እጅ አላስወጣም፤ እኔ ራሴ ከሚያወጡት አንዷ ነኝ።

ከላይኛው እርከን ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከ500ዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አንዱን ለመምራት የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ክሊፍተን ዋርተን ሲሆኑ ዓመቱ 1987 ነበር። የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ኡርሱላ በርንስ የዜሮክስን መሪነት የያዙት በ2009 ነው። ከአገሩ ሕዝብ ስምንት ሰው ቢቆጠር አንዱ ጥቁር በሆነበት ምድር፣ በእነዚህ 500 ወንበሮች ላይ በአንድ ጊዜ የተቀመጡ ጥቁሮች አሥር ሞልተው አያውቁም።

እንግዲህ ድጋፍ ስንል ምን ማለታችን ነው? የጥቁሮች ታሪክ ወር በሚባለው በፌብሩዋሪ ኬክ ቆርሶ ፎቶ መነሣት ማለታችን አይደለም። ተሿሚዋን በየኮሚቴው አስቀምጦ ስለ ዘር ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያለ ክፍያ እንድታስተምር ማድረግም ድጋፍ አይባልም፤ እንዲያውም ከራሷ ሥራ የሚነጥቃት ሰዓት ነው። ለእኔ የመጀመሪያው ድጋፍ ከወንበሩ ጋር የወንበሩን ሥልጣን ሙሉ በሙሉ መስጠት ነው። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው የነበረው በጀት፣ የመቅጠርና የማሰናበት መብት፣ የፊርማ ገደብና የሠራተኛ ብዛት በጽሑፍ ተዘርዝሮ ሊሰጣት፣ የተቀነሰ ካለም ምክንያቱ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ክፍሉ የታመመ ከሆነ መታመሙ በሹመቱ ዕለት ተመዝግቦ፣ ለማዳን የሚያስፈልገው ጊዜም አብሮ መሰጠት አለበት። ይህ ለመሥሪያ ቤቱ ምንም ገንዘብ አያስወጣውም፤ ምናልባት የማይደረገውም ለዚሁ ይሆናል፣ የሚያስከፍለው እውነቱን መጻፍ ነውና።

ሁለተኛው የምዘናው ቋንቋ ነው። በነጭ ወንድ ላይ «ቆራጥ» ተብሎ የሚጻፈው ጠባይ በጥቁር ሴት ላይ «ቁጡ» ይሆናል፤ በእኛ ላይ ደግሞ አክሰንታችን ተጨምሮ «ሐሳቧን በግልጽ አታስረዳም» ይባላል። የአሜሪካ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አሠሪ በአነጋገር ቅላጼ ምክንያት ሠራተኛን ሊያሳንስ የሚችለው ቅላጼው ሥራውን በእርግጥ የሚያሰናክል ሲሆን ብቻ መሆኑን በመመሪያው አስቀምጧል። ስለዚህ ስለ ጠባይም ሆነ ስለ ንግግር የሚጻፍ እያንዳንዱ ነቀፋ ቀኑንና ድርጊቱን ይዞ ይጻፍ፤ ያ ከሌለው ይሰረዝ።

ሦስተኛውን ለመናገር የራሳችን ቋንቋ የበለጠ ይመቸኛል። መካሪ ምክሩን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዋስ ግን ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ከራሱ ኪስ ይከፍላል። በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ለጥቁር ተሿሚ መካሪ ሞልቷል፤ የሚጎድለው ዋስ ነው። ያንን ምሳሌ የሌለውን ነቀፋ ያሰረዘችልኝ ከሃያ ዓመት በላይ በሆስፒታሉ የሠራች አፍሪካ አሜሪካዊት ዳይሬክተር ናት። እኔ በሌለሁበት ስብሰባ ላይ «አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቃል አሳዩኝ» ብላ ጠየቀች፤ የሚያሳይ ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት የፊርማ ሥልጣኔም ተመለሰልኝ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከእሷ አይደለም፤ ጡረታ ከወጣች በኋላ በስብሰባው ላይ የነበረ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። እኔ ግን እስከዚያ ድረስ፣ ሳፍርበት የምኖረው ነገር ነው፣ «እነሱ» ከምላቸው ሰዎች አንዷ ነበረች።

በሆስፒታልና በአረጋውያን መንከባከቢያ ለምንሠራው የተለየ ፈተና አለ፤ «ጥቁር አይንካኝ» የሚል ታካሚ። በኢንዲያና ግዛት በፕሌንፊልድ ከተማ ብሬንዳ ቼኒ የተባለች ጥቁር የነርስ ረዳት በምትሠራበት የአረጋውያን ማዕከል፣ አንዲት ነዋሪ ጥቁር ረዳት እንደማትፈልግ በየቀኑ የሥራ ድልድል ወረቀት ላይ ይጻፍ ነበር። ማዕከሉ የነዋሪዋን ምርጫ ማክበሩ እንደሆነ ተከራከረ። በ2010 በቺካጎ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የታካሚ የዘር ምርጫ አሠሪውን ከሕግ እንደማያስጥለው ወሰነ። ዛሬም ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ታካሚ ሲጮህ፣ ኃላፊዋ «ነገሩን ለማብረድ» ብላ ልጅቷን ከክፍሉ ታወጣለች። ኃላፊዋ ራሷ ጥቁር ስትሆን ጭንቁ እጥፍ ነው፤ ብትከላከል ለዘሯ አዳላች ይሏታል፣ ዝም ብትል ሠራተኛዋን ትከዳለች። ስለዚህ ምን እንደሚደረግ በዚያ ሰዓት እሷ ብቻዋን ልትወስን አይገባም። ሆስፒታሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ወስኖ፣ ለታካሚውና ለቤተሰቡ የሚነገረውን ቃል ሳይቀር አዘጋጅቶ ሊሰጣት ይገባል።

የጊዜው አየር እንደተለወጠ ሳልናገር ባልፍ አታለልኋችሁ ማለት ነው። ከ1965 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ተቋራጮች አድልዎን እንዲከላከሉ ሲያስገድድ የኖረው የፕሬዚዳንት ጆንሰን ትእዛዝ በጃንዋሪ 2025 ተሽሯል፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ቀደም ብዬ እንደ ጠቀስሁት የዱክ ፓወር ዓይነት ክርክር ለመከታተል ቅድሚያ እንዳይሰጡ ታዟል። ብዙ ኩባንያዎችም ከድረ ገጾቻቸው ላይ ቃላቱን አንስተዋል። የ1964ቱ ሕግ ግን አልተሻረም። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሁሉ ይገዛበታል። አቤቱታ ለኮሚሽኑ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ግዛቱ የራሱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ሲኖረው ወደ 300 ቀን ይራዘማል። አቤት በማለቱ የተበቀሉት ሰው የበቀሉን ክስ ለብቻው ማቅረብ ይችላል፤ ለኮሚሽኑ ከሚቀርቡት ሁሉ በብዛት የሚበልጠውም ይኸው የበቀል ክስ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። በስብሰባ ላይ ዝም ማለትን ጨዋነት አድርገን ተምረናል፤ ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያለውም ይኸው ሕዝባችን ነው። የዘር አድልዎው ደግሞ ከእኛም አልራቀም። ከእኛ መካከል ሱፐርቫይዘር የሆነው ሰው አፍሪካ አሜሪካዊውን ሠራተኛ «ሰነፍ» ብሎ ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በአገር ላይ የተመሠረተውን አድላዊ ኮታ ያነሣው የእነሱ አባቶችና እናቶች በአደባባይ በተደበደቡበት ትግል ዘመን ነው፤ እኛም የገባነው በዚያ በር ነው። ስለ ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ፖለቲካ በዚህ አዳራሽ ብንወያይ ሳንጣላ እንደማንወጣ አውቃለሁ። ሆኖም በኤፕሪል 2020 የዓለም ጤና ድርጅትን እየመሩ፣ በቆዳ ቀለማቸው እንደተሰደቡና እንደሚገድሏቸውም እንደተዛተባቸው በይፋ ሲናገሩ፣ ተሳዳቢዎቹ «ከየትኛው ክልል ነዎት?» ብለው አልጠየቋቸውም።

የሚቀጥለው አንድ ሰዓት ለሥራ የተመደበ ነው። ባለፈው ሳምንት በላክንላችሁ መልእክት መሠረት የመጨረሻውን ዓመታዊ ምዘናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ በስተግራ ወዳለው ጠረጴዛ ሂዱ፤ ሁለት የሥራ ሕግ ጠበቆች ተቀምጠዋል። ቀን የሌለበትን ነቀፋ ሁሉ አስምሩበት። በሥራችሁ የሌላ ሰው ምዘና የምትጽፉ ኃላፊዎች ደግሞ፣ እኔም አብሬያችሁ እቀመጣለሁና፣ እናንተ የጻፋችሁትን ይዛችሁ በስተቀኝ በኩል ኑ።