ያልተሳካላችሁን ክፍለ ጊዜ ይዛችሁ ኑ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርእሰ መምህራን እና ሱፐርቫይዘሮች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ሁላችንም ከተለያየ ትምህርት ቤት ነው የመጣነው፣ ግን ብዙዎቻችን የምናስተምረው አንድ አይነት ነገር ነው፣ አሁን እንኳን ብትጠያየቁ ምናልባት አንድ ምእራፍ ላይ ናችሁ። ስለ ትብብር እንድናገር ነው የተጋበዝኩት፣ እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንዲት የክፍልፋይ ድምር ላወራችሁ ነው። ሂሳብ የማታስተምሩ ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ የሁላችንም ነው።

አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሶስተኛ ስንት ነው? አምስት ስድስተኛ። እኔ ክፍል ግን ብዙ ልጆች ሁለት አምስተኛ ይላሉ፣ ላዕሉን ከላዕሉ ታህቱን ከታህቱ ደምረው ቁጭ። ይሄን ስህተት ለአመታት በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ ኖሬያለው፣ ሰርዤ ትክክለኛውን ከጎኑ እፅፋለሁ፣ የጋራ ታህት አውጡ እያልኩ ሰሌዳ ላይ እንደገና እሰራለሁ፣ ልጆቹም ገባን ይሉኛል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተና ላይ ተመልሶ ሁለት አምስተኛ። ያኔ በልቤ የምለው ወይ ልጆቹ አያጠኑም ወይ ከታች ያስተማራቸው ሰው ሳያስጨብጥ ነው ያሳለፋቸው ነበር። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም፣ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ስለማስተምር ሌላ ነገር የሚያሳየኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን አብረው መስራት ሲጀምሩ የመጀመሪያውን አመት እንዴት እንዳሳለፍነው ልንገራችሁ። በየተራ እንሰበሰባለን፣ አስተናጋጁ ትምህርት ቤት ጎበዝ የሚባለውን አስተማሪ ሞዴል ትምህርት ያሰራል፣ ልጆቹ ቀድመው ተለማምደውታል፣ ቻርቱ አምሮ ተሰርቷል፣ እናያለን፣ እናጨበጭባለን፣ አስተያየት ሲባል "በጣም ጥሩ ነው፣ ቢቻል ድምፅ ትንሽ ከፍ ቢል" ምናምን እንላለን፣ እንሄዳለን። በስልክ ግሩፕም ከፍተን አመቱን ሙሉ ወርክሺት ስንላላክ ነበር፣ ሁለት መቶ ምናምን ፋይል ተልኳል፣ እኔ ራሴ ከዛ ውስጥ ክፍል ወስጄ የተጠቀምኩት ስድስት ቢሆን ነው። ሰዉ ሰነፍ ሆኖ አልነበረም፣ ሁሉም ይደክም ነበር። ግን ሁላችንም ይዘን የምንመጣው የተሳካልንን ነው፣ የተሳካ ነገር ላይ ደግሞ ምን ብለህ ትወያያለህ።

በሁለተኛው አመት አንዲት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው መምህርት እጃቸውን አወጡና "በሚቀጥለው ስንመጣ እያንዳንዳችን አስር ደብተር እንያዝ፣ የልጆቹን ስም ሸፍነን፣ ስህተት ያለበትን ገፅ ብቻ" አሉ። በቃ ይሄው ነው ያሉት። እኔ እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም፣ የክፍሌን ገመና ማውጣት ነው የመሰለኝ፣ በዛ ላይ ርእሰ መምህሬ አብሮኝ ነበር የሚመጣው። ግን ወሰድኩ።

ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። አራት ትምህርት ቤት፣ የተለያዩ አስተማሪዎች፣ ሁሉም ጋ ሁለት አምስተኛ። ትልቅ የሚባለው ትምህርት ቤትም፣ ደካማ የሚባለውም። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ለአመታት በልጆቼ ስንፍና ያመካኘሁት ነገር ሌላ ሰው ልጆች ደብተር ላይም በሌላ እጅ ፅሁፍ ተፅፎ ሳየው የሆነ ነገር ነው የሆንኩት፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል፣ ስንቱን ልጅ ሰንፈሃል ብያለው።

ከዛ አንዱ አስተማሪ፣ ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ነው፣ እኔ ልጁን ጠይቄው ነበር አለ። እንዴት ሁለት አምስተኛ አመጣህ ሲለው ልጁ ምን እንዳለ ስሙ፦ "ትላንት ሁለት ፔናሊቲ መትቼ አንድ አገባሁ፣ ዛሬ ሶስት መትቼ አንድ አገባሁ፣ ከአምስት ሁለት አገባሁ ማለት ነው።"

ልጁ እኮ ትክክል ነው! ለፔናሊቲ ሲሆን በትክክል እንደዛ ነው የሚቆጠረው። ችግሩ እኛ የምንጠይቀው ስለ ሌላ ነገር መሆኑ ነው፣ አንድ ሁለተኛውም አንድ ሶስተኛውም ከአንድ ሙሉ ነገር የተቆረጡ መሆን አለባቸው፣ የሱ ግን አንዱ ከሁለት ምት ነው ሌላው ከሶስት ምት፣ ሙሉው ራሱ ተቀያይሯል። ይሄን ልዩነት ማናችንም ክፍል ውስጥ ተናግረነው አናውቅም ነበር፣ እኛ የምናስተምረው የጋራ ታህት አወጣጥ ነው። ሌላዋ አስተማሪ ደግሞ ወረቀት ላይ ስታሰላ ቆይታ ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል አለች፣ ግማሽ ይዘን፣ ጨምረንበት፣ ከግማሽ ያነሰ አገኘን፣ አንድም ልጅ ይሄ አልደነቀውም፣ እኛም ይደንቃችኋል ወይ ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ከዚህ በኋላ ነው አብሮ መስራት የጀመርነው ብዬ የማምነው። አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ፣ ለሶስት ሳምንት አብረን አቀድነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሁን በሚለው ብቻ አንድ ከሰአት ሙሉ ተከራክረናል። ከዛ አንዱ አስተማረው፣ ሰባታችን ገባን፣ ግን አስተማሪውን ለማየት አልገባንም፣ እያንዳንዳችን አራት አራት ልጅ ተከፋፍለን የሚፅፉትን፣ የሚሰርዙትን፣ ለጓደኛቸው የሚያንሾካሹኩትን ስንመዘግብ ዋልን። እኔ ጋ የነበረች አንዲት ልጅ አምስት ስድስተኛ ብላ ፅፋለች፣ አስተማሪው አልፎ ሲያያት ራይት አደረገላት፣ እኔ ግን ከሷ ጎን ስለነበርኩ መጀመሪያ ሁለት አምስተኛ ፅፋ፣ የጎረቤቷን አይታ፣ በላጲስ አጥፍታ እንደቀየረችው አይቻለሁ። ሰሌዳው ጋ የቆመ ሰው ይሄን በምንም ተአምር ሊያየው አይችልም፣ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ይሁን። ያየነውን ይዘን እቅዱን ቀየርነው፣ ልጆቹ ከማስላታቸው በፊት መልሱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብለው እንዲገምቱ አደረግን፣ በሌላ ትምህርት ቤት ሌላ አስተማሪ አስተማረው።

ይሄን አሰራር እኛ አልፈጠርነውም። የጃፓን አስተማሪዎች ከመቶ አመት በላይ ሲሰሩበት የኖሩት ነው፣ አብሮ ማቀድ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ልጆቹን ማየት፣ ተቀምጦ መነጋገር፣ አሻሽሎ እንደገና ማስተማር። እኔ የምወድለት ነገር ትምህርቱ ሲበላሽ የሚበላሸው የሁላችንም መሆኑ ነው፣ ያስተማረው ሰው ብቻውን አይሸማቀቅም።

ስለ ራስን ማየት ትንሽ ልበል፣ ሪፍሌክሽን የምንለውን። ዶናልድ ሾን የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ስራው ባለሙያ ስራው ላይ እያለ የሚያስበውን እና ስራውን ጨርሶ መለስ ብሎ የሚያስበውን ለይቶ አሳይቷል። ክፍል ውስጥ እያለን ሁላችንም እናስባለን፣ የልጆቹ ፊት ሲጨልም ምሳሌ እንቀይራለን፣ ይሄ ያለ ነው። መለስ ብሎ ማሰቡን ግን ፎርም አድርገነዋል፣ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ የተወሰደ እርምጃ፣ ድክመት ላይ በየሳምንቱ የጊዜ እጥረት ብዬ ነው የምሞላው፣ ሶስት አመት ሙሉ የጊዜ እጥረት። ፎርሙ ፋይል ይደረጋል፣ እኔም እንደነበርኩ እሆናለሁ።

ብቻህን ደግሞ የማታየው ነገር አለ። አንዲት የስራ ባልደረባዬ ክፍሌ ገብታ ከኋላ ተቀምጣ ጥያቄ ከጠየቅኩ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምጠብቅ በስልኳ ለካችልኝ። እኔ ለልጆች በቂ ጊዜ እሰጣለሁ ብዬ በሙሉ ልቤ አምን ነበር፣ ብትጠይቁኝ ምዬ እናገር ነበር። ወረቀቱን ስታሳየኝ አንድ ሰከንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ መልሱን ራሴ ነው የመለስኩት። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኘችው ይሄንኑ ነው፣ አስተማሪዎች ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ ወደ አንድ ሰከንድ ነው፣ ሶስት ሰከንድ እና ከዛ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ አላውቅም የሚለው ይቀንሳል፣ ዝም የሚሉት መናገር ይጀምራሉ። ሶስት ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች፣ ክፍል ፊት ቆማችሁ ስትቆጥሯት ግን በጣም ረጅም ናት፣ ላብ ታጠምቃለች። አሁን በሆዴ እየቆጠርኩ ነው የማስተምረው፣ እና ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ባለፈው ወር መለሰልኝ።

ሱፐርቫይዘሮች እና ርእሰ መምህራን፣ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። የምንተያይበትን ክፍለ ጊዜ ከውጤት ተኮር ምዘና ጋር አታገናኙብን። ምዘና አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ በሌላ ቀን ኑ እና መዝኑን፣ በራችን ክፍት ነው። ግን ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነጥብ እንደሚሞላ ያወቀ አስተማሪ የሚያስተምረው ያንን የተለማመደውን ሞዴል ትምህርት ነው፣ ልጆቹም ያውቃሉ፣ የማይችሉት እጃቸውን አያወጡም። ሁለተኛው ደግሞ ፔሬድ ነው፣ ስኬጁል ስታወጡ በሳምንት አንድ ከሰአት እንኳን ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ያሉ የአንድ ትምህርት አስተማሪዎች እኩል ነፃ ይሁኑ፣ ቅዳሜ ላይ ብቻ ከጣላችሁት ልጅ ያላት አስተማሪ አትመጣም፣ ያቺ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ ማንም ያላየውን ነገር ያየች ልትሆን ትችላለች።

አዲስ የተቀጠራችሁ ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ስህተት ይዞ መምጣት ለናንተ እንደሚከብድ ይገባኛል፣ አልቻለም እንዳይሉኝ ትላላችሁ። ስለዚ መጀመሪያ የሚዘረጋው ሃያ አመት ያስተማረ ሰው ይሁን። ይሄ የኛ የትልልቆቹ ግዴታ ነው፣ እናንተን ቀድማችሁ አውጡ ማለት ነውር ነው።

እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ይሄን ነው። ባለፈው ሳምንት ከ0.35 እና ከ0.8 የቱ ይበልጣል ብዬ ጠየቅኩ። አስራ አንድ ልጆች 0.35 አሉኝ፣ 35 ከ8 ስለሚበልጥ ነው፣ ይሄን አውቀዋለሁ። አንዲት ልጅ 0.8 ብላ ትክክል መለሰች፣ አመስግኜ ላልፍ ስል እስቲ ለምን አልኳት። "አጭር ስለሆነ" አለችኝ። ቤቴ ሄጄ ሳስበው ይቺ ልጅ 0.3 ከ0.45 ይበልጣል ትላለች ማለት ነው፣ እና እስከዛሬ ስንት ጊዜ ራይት እያደረግኩላት አልፌያለሁ። ምን ብዬ ልጀምርላት ገና አላወቅኩም። ደብተሯ እዚህ ነው፣ ስሟን ሸፍኜዋለሁ፣ ከእረፍት በኋላ መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ፣ ደብተሮቻችሁን ይዛችሁ ኑ።